የሚጨፍር ምግብ ፍለጋ በፍራንክፈርት

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ኒድ

እኅቴ እትዬ አልማዝ ኒድ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ካለው ቤቷ ያስወጣችን ሰማዩ ገና ግራጫ እንዳለ ነው። የባሏን ኮት በአንድ እጇ፣ የእኔን ጃንጥላ በሌላው ይዛ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ሳታገኙት እንዳትመለሱ» አለች። ባሏ ደረጃውን መውረድ ሲጀምሩ ደግሞ ክንዴን ያዝ አድርጋ በጆሮዬ፦ «ካገኛችሁት ግን ወደ ቤቴ እንዳታስገቡት።»

የምንፈልገው ምግብ ነው፣ አንባቢዎቼ። የጃፓን ምግብ፤ ያውም መንገድ ዳር ተቁሞ የሚበላ፤ ያውም ፍራንክፈርት ላይ። «ጋዜጣው ይህን እንድትጽፍ ነው የላካት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጋዜጣው አልላከኝም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እኅቴን ልጠይቅ መጣሁ፤ ነገ ማታ እመለሳለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን በገዛ ምላሴ የቋጠርኩትን ቋጠሮ መፍታት አለብኝ።

የእትዬ አልማዝ ባል ጋሽ ሽፈራው ወጣት ሳሉ ከምጽዋ በግሪክ የጭነት መርከብ ተሳፍረው ዓለምን የዞሩ ሰው ናቸው። ኋላ ሃምቡርግ ላይ ወርደው ቀሩ፤ ከዚያ ፍራንክፈርት መጥተው ባቡር ጥገና ሲሠሩ ኖሩና ዘንድሮ «ሬንተ» ወጡ፤ እዚህ ያሉ ወገኖቻችን ጡረታን የሚሉት እንዲያ ነው። ረጅም ናቸው። ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ ሪዝ አላቸው፤ በየጠዋቱ በትንሽ ማበጠሪያ ይንከባከቡታል። እኅቴ በስልክ ሁልጊዜ «ወሬው አያልቅም፤ አንዴ ሲንጋፖር፣ አንዴ ኦሳካ፣ ጆሮዬን በላው» ትለኝ ነበር። ያንን ወሬ ልሰማ ጓጉቼ ስመጣ ያገኘሁት ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። መስኮት ሥር ተቀምጠው ወደ አየር ማረፊያው የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ያያሉ። ሲጠሯቸው «አቤት» ይላሉ። በቃ።

«ምን ሆነው ነው?» ብዬ እኅቴን ጠየቅኳት።

የሆኑት አቶ ጌታቸውን ነው። አቶ ጌታቸው የጋሽ ሽፈራው የጥንት ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ የሕንፃ መሐንዲስ፣ ያልለኩትን ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ጋሽ ሽፈራው የኦሳካ ታሪካቸውን ጀመሩ። መንገድ ዳር የሚጠበስ፣ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ምግብ፤ ሆዱ ውስጥ የኦክቶፐስ፣ የዚያ ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ፣ ቁራጭ፤ በላዩ የእንጨት ፍቅፋቂ የመሰለ ነገር ተነስንሶበት፣ ያ ፍቅፋቂ ሳህኑ ላይ ይጨፍራል። «ይጨፍራል?» አሉ አቶ ጌታቸው። ከዚያ ተነሥተው፣ ሳህናቸውን አናታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የጋሽ ሽፈራውን ድምፅ እያስመሰሉ እስክስታ መቱ። እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«እኔም ሳቅሁ» አለችኝ እትዬ አልማዝ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዓይኗን ከመክተፊያው ሳታነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ሽፈራው ወሬ አልጀመሩም።

እኔ ደግሞ ነገር ውስጥ ጥልቅ ማለት አመሌ ነው። ባለፈው እሑድ አቶ ጌታቸው ምሳ ተጋብዘው መጥተው፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ «ጃፓን ደህና ናት?» ሲሉ ከአፌ አመለጠኝ። «እስከ ቅዳሜ ማታ ያንን ምግብ አፍዎ ውስጥ እናስገባለን! ካስገባን ሪዝዎን ይላጫሉ። ካቃተን ጋሽ ሽፈራው ይላጫሉ።» አቶ ጌታቸውም እንደ ጥርስ ብሩሽ ቀጥ ብሎ የተከረከመ፣ የሚኮሩበት ሪዝ አላቸው። ወዲያው እጄን ጨበጡ። ጋሽ ሽፈራውን ያማከረ ሰው የለም። ሪዙ የእሳቸው፣ ምላሱ የእኔ።

በኤስ-ባን ወደ ከተማ

ባቡሩ ውስጥ ሰው ጥቂት ነው። ከሌሊት ሥራ የሚመለስ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከጎኑ አንዲት ሴትዮ ውሻዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ታናግረዋለች፤ እሱም የሚመልስላት ይመስላል። ጋሽ ሽፈራው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የሪዛቸውን ጫፍ ያሻሉ። እኔ ሌላ ቦታ ሌላ ቦታ አያለሁ።

«ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?»

«ኦክቶፐስ ከሚሸጥበት» አሉ። መልስ መስጠታቸው ራሱ ሲገርመኝ ቀጠሉ። «ጃፓን ያለ ኦክቶፐስ ይህን ምግብ አይሠራም። ማይን ወንዝ ውስጥ ደግሞ ኦክቶፐስ የለም። ስለዚህ አንድ ቦታ ይገዛል። የሚገዛውን ካወቅን የሚጠብሰውን አወቅን።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ጉዞው እዚሁ ቢያልቅም አልከሰርኩም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሪዛቸውን አየሁና ሐሳቤን ቀየርኩ።

የገበያ አዳራሹ

መሐል ከተማ ያለው የገበያ አዳራሽ ገና መከፈቱ ነው። ቋሊማ ለመግዛት በዚህ ጠዋት ሰው ሰልፍ ይዟል። የፍራንክፈርት ሰዎች አረንጓዴ ወጣቸውን የሚሠሩበት ቅጠል በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ተደርድሯል። የጣሊያን ወይራ፣ የቱርክ አይብ፣ የፈረንሳይ ቅመም ሁሉ አለ። ዓሣው ከውስጥ በኩል ነው፤ አፍንጫችንን ተከትለን ደረስን።

ዓሣ ሻጯ ክንዷ የወንድ ጭን የሚያክል፣ የጎማ ሽርጥ የታጠቀች ጀርመናዊት ናት። ጋሽ ሽፈራው ኮፍያቸውን አነሥተው የሃምቡርግ መርከበኞች በሚሉት አባባል «ሞይን!» አሏት። የሴትዮዋ ፊት በራ።

«ከሰሜን ነህ እንዴ?» አለቻቸው፣ ይህን ጥቁር ሽማግሌ ከእግር እስከ ራሳቸው እያየች።

«ከምጽዋ። ግን በሃምቡርግ በኩል» አሉ።

ሳቀች። ኦክቶፐስ ስንጠይቃት ግን እጆቿን ዘረጋች። «አልቋል። አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ገና በሩ ሲከፈት መጥታ ጠርጋ ወሰደችው። እያንዳንዱን እግር በጣቷ ጨምቃ፣ አሽትታ፣ ያልወደደችውን ደግሞ ‘ይሄን ራስሽ ብይው’ በሚል ዓይን መለሰችልኝ።»

ጋሽ ሽፈራው መደርደሪያውን ያዙ። «ብዙ ነው የወሰደችው?»

«አንድ ሠፈር ታበላለች።»

«የት ነው የምትኖረው?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

ሴትዮዋ ወዲያው ኮስተር አለች። «እኔ ዓሣ ነው የምሸጠው፣ አድራሻ አይደለም። ዳተንሹትስ!»

ዳተንሹትስ የሰውን ጉዳይ ለሌላ ሰው መንገር የሚከለክል የዚህ አገር ሕግ ነው። እኛ ሠፈር ቢመጣ ስንቱ ሰው የሚያወራው ያጣ ነበር! ብቻ ከአዳራሹ የወጣነው አንድ ነገር ይዘን ነው። ዛሬ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ኦክቶፐስ እየከተፉ ነው።

ቀይ ፋኖስ የሰቀለው ቤት

ከትልቁ የገበያ ጎዳና ወረድ ብሎ አንድ ኢምቢስ አየሁ፤ ኢምቢስ ቆመው የሚበሉበት ትንሽዬ ምግብ ቤት ናት። ቀይ የወረቀት ፋኖስ ተሰቅሏል፤ መስኮቱ ላይ ተራራና ተራራው ላይ በረዶ ተሥሏል፤ «የጃፓን ልዩ ምግቦች» ይላል። «ጋሼ፣ አገኘን!» ብዬ ጮኽኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ።

ባለቤቱ ወፍራም፣ ባለ ጥቁር ፀጉር፣ እጀታውን የሰበሰበ ሰውዬ ነው። «ኦክቶፐስ አለ?» አልነው። «እንዴታ!» አለና ዘይት ውስጥ አንድ ነገር ለቀቀ። የመጣልን ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተጠበሰ ነገር ከሎሚ ጋር ነው። ጋሽ ሽፈራው አንዷን አንሥተው አኘኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄን ፒሬየስ ወደብ ላይ በልቼዋለሁ» አሉ።

ሰውዬው ማንኪያውን ጣለ። «ፒሬየስ ነው የተወለድኩት!»

ከዚያማ እኔ ተረሳሁ። ጋሽ ሽፈራው ከግሪክ መርከብ የተረፈቻቸውን ግሪክኛ አወጡ፤ አብዛኛው ስድብ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰውዬው በእያንዳንዱ ቃል ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ፋኖሱና ተራራው ከእሱ በፊት ከነበረው ተከራይ የቀሩ ናቸው። «ላወርደው ነበር፤ ግን ደንበኛ ያመጣል» አለን፤ ወደ እኔ እያየ። ደንበኛዋ እኔ ነኝ።

ቀትር፣ የባንኮቹ ሠፈር

ፍራንክፈርት ውስጥ ጃፓኖች የበዙት በባንኮቹ ምክንያት ነው። ባንክ ካለ ባንከኛ አለ፣ ባንከኛ ካለ ምሳ አለ። ከአንድ የመስተዋት ሕንፃ ሥር የጃፓን ምግብ ቤት አገኘን። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፤ ውኃ በቀርከሃ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች በእንጨት ሰሌዳ ላይ የቀረበላቸውን ጥሬ ዓሣ በጥሞና ይመለከታሉ። አንዱ ቁራሽ የፖስታ ቴምብር ያክላል። የዋጋውን ዝርዝር ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

አስተናጋጁ ወጣት ጃፓናዊ ነው። ጋሽ ሽፈራው በሁለት እጃቸው ኳስ ሠርተው፣ በጣታቸው እየወጉ እያገላበጡ አሳዩት። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ገባው፣ ከዚያ አፉን በትሪው ሸፈነ።

«እዚህ?» አለ በሹክሹክታ፣ ኃላፊው እንዳይሰማው ዞር ዞር እያለ። «እሱ እኮ መንገድ ላይ፣ ቆመው፣ ምላስ እየተቃጠለ የሚበላ ነው! እዚህ ብጠይቅ ያባርሩኛል።»

«ግን አለ፣ አይደል? ውሸት አይደለም?» አልኩት።

«አለ እንጂ! እኔ የቶኪዮ ልጅ ነኝ፤ የኦሳካ ሰዎች ግን ያለሱ አይኖሩም።»

«ና እስቲ ለአንድ ሰው ንገርልን» ብለው ጋሽ ሽፈራው ክንዱን ያዙት። ልጁ ሥራ ላይ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። በእውነት ይዘውት ሊሄዱ ነበር። ሻይ ጠጥተን ወጣን፤ ሻዩ አረንጓዴ ነው፣ ስኳር ብጠይቅ አስተናጋጁ እንዳልሰማ አለፈኝ።

ስንወጣ መዝነብ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ፣ ኖርድኤንድ

ሌላም ቦታ ዞርን፤ አላደክማችሁም። አንድ የእስያ ዕቃ መደብር ኳሱን ሳይሆን ኳሱ የሚቀባውን ስጎ ሸጠልን። አንድ የስልክ ሳጥን ውስጥ ገብቼ በማውጫው ላይ ያየሁትን የጃፓን ስም ያለበት ቤት ደወልኩ፤ የጁዶ ማሠልጠኛ ሆኖ ተገኘ። «ለጀማሪ ቴርሚን ልስጥሽ?» አለኝ ያነሣው ሰው፤ ቀጠሮ ማለቱ ነው። ጫማችን ውኃ ጠጥቶ፣ ጃንጥላዬ ተገልብጦ፣ ጋሽ ሽፈራው ድንገት ቆሙ።

«ይበቃል» አሉ። «ወደ ጌታቸው እንሂድ።»

አቶ ጌታቸው የሚኖሩት ኖርድኤንድ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈቱልን ነጭ ፎጣ ክንዳቸው ላይ አድርገው ነው። ሳሎን ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ምላጭ፣ የሳሙና ብሩሽ፣ መስታወትና በሳህን ለብ ያለ ውኃ ተሰናድቷል። ሎሽን ሳይቀር አለ።

«ሁለት ዓይነት ነው» አሉ ሎሽኑን እያሳዩ። «አንዱ የሎሚ ሽታ አለው። ምርጫው የደንበኛው ነው።»

ጋሽ ሽፈራው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ኮታቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። «ላጨኝ» አሉ።

እመኑኝ፣ እስከዚህ ድረስ በሆዴ እየሳቅሁ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ አንገታቸውን ሰጥተው ሳያቸው ግን ሳቁ ሄደ። እኔ የፈጠርኩት ቀልድ ነው፣ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። አቶ ጌታቸው ራሳቸው ብሩሹን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። እንደዚህ ቶሎ ይሸነፋል ብለው የጠበቁ አይመስለኝም።

«አይሆንም!» አልኩ። «እትዬ አልማዝ ሳታይ አይላጩም! ሚስት የማየት መብት አላት። ኒድ ወርደን እሷ ፊት ነው።»

አቶ ጌታቸው ትንሽ አሰቡ። «ፍትሐዊ ነው» አሉና ምላጩን፣ ብሩሹንና ሁለቱንም ሎሽኖች በፕላስቲክ ከረጢት ከተቱ። ዝናቡ ከባድ ስለነበር ታክሲ ጠሩ።

ታክሲው ውስጥ

ታክሲው ሲመጣ መዝሙር ከፍቷል፤ የአማርኛ መዝሙር። ሹፌሩ ዳዊት ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፣ ክብ ፊት፣ ንጹሕ ሸሚዝ። ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየን።

«አባቶቼ፣ ከለቅሶ ነው የምትመጡት?»

«ወደ ለቅሶ ነው የምንሄደው» አልኩና ሁሉን ነገርኩት፤ ኳሱን፣ ኦክቶፐሱን፣ ሪዙን። አቶ ጌታቸው ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ይመለከታሉ። ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ታሪኩን ስጨርስ ዳዊት መኪናውን ዳር ያዘና አቆመ።

«ዓሣ ዓሣ ይሸታል?» አለ።

«ምኑ?»

«ኳሱ!»

«ይሸታል እንጂ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ወይ ጉድ! እኔ ፕሮይንገስሃይም ያለ አዳራሽ ውስጥ ነው የምዘምረው፤ ጉባኤያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይከራየዋል። ታዲያ አልፎ አልፎ ከእኛ በፊት ጃፓኖች ይከራዩታል፤ እናቶች ናቸው፣ ለልጆቻቸው ባዛር ያደርጋሉ። እነሱ የዋሉበት ቀን ስንገባ አዳራሹ ዓሣ ዓሣ ይላል። ፓስተራችን መስኮቱን ሁሉ አስከፍቶ ነው የሚጸልየው። አንዲት እኅትማ የመንፈስ ሽታ ነው ብላ ገሥጻለች!»

ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ገለጡ። «ዛሬ አሉ?»

«ዛሬ አሉ። ግን ልንረከባቸው ነው፤ ሊሄዱ ነው።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል?» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ በመርከብ ላይ ብቻ የሚሰማ በሚመስል ድምፅ። ዳዊት መሪውን ጠመዘዘ፣ የታክሲውን ቆጣሪ አጠፋ። አቶ ጌታቸው «ስምምነታችን ወደ ኒድ ነበር!» ብለው ጮኹ። ታክሲው ወደ ሰሜን ዞሮ፣ በኩሬዎቹ ላይ እየተረጨ፣ ከመዝሙሩ ጋር በረረ።

ፕሮይንገስሃይም

አዳራሹ የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። በአንዱ በር ወጣት ዘማሪዎች ድምፅ ማጉያ እየተሸከሙ ይገባሉ፤ በሌላው በር ጃፓናውያን ሴቶች የታጠፉ ጠረጴዛዎች እየተሸከሙ ይወጣሉ። መሐል ላይ ሲገናኙ ጎንበስ ጎንበስ ይባባላሉ፤ የእኛዎቹም ጎንበስ ማለት ስለሚያውቁ ማንም ቀድሞ ማለፍ አልቻለም። ከጀርባ፣ ከፕላስቲክ ዳስ ሥር፣ አንዲት ትንሽ አሮጊት የጋዝ ምድጃ አጠገብ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጥቁር የብረት ምጣድ አለ። ጨርቅ ይዘው እየወለወሉት ነው። ማለት ጨርሰዋል።

ጋሽ ሽፈራው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ምጣዱን አዩ። ምጣዱን ብቻ።

«ይህ ነው?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ ጌታቸው ግን መሐንዲስ ናቸው። «ምጣድ አየን፤ ምግብ አላየንም» አሉ። «ደግሞ ሽፈራው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጃፓን ጃፓን ስትል አንድ ቃል ጃፓንኛ ተናግረህ አታውቅም። እስቲ አሁን ሰላም በላቸው!»

ጋሽ ሽፈራው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሪዛቸው ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። ወደ ዳሱ አንድ እርምጃ ሄዱና ደረታቸውን ነፍተው፣ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅ አወጡ፦

«ሞካሪማካ!»

አቶ ጌታቸው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ማነው ሞካሪው? ምንድን ነው የሚሞክረው?» አሉ።

አሮጊቷ ጨርቁን አስቀመጡ። ይህን ረጅም፣ የራሰ፣ ባለ ሪዝ ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። ከዚያ ያች ትንሽ ሰውነታቸው ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው የገበያ ድምፅ «ቦቺ ቦቺ ደንና!» ብለው መለሱ። ጠረጴዛ የያዙት ሴቶች ጠረጴዛቸውን ለቀው ሳቁ፤ አንዷ ግድግዳ ደግፋ ቁጭ አለች።

ጀርመንኛ የምትናገረው የአሮጊቷ ልጅ እንባዋን እየጠረገች አስረዳችን። ኦሳካ ውስጥ የድሮ ነጋዴዎች ሲገናኙ እንዲህ ነው ሰላም የሚባባሉት። «ንግድ እንዴት ነው፣ ይገኛል ወይ?» ማለት ነው፤ መልሱ «ምንም አይል፣ እንደ ነገሩ» ነው። «እናቴ እዚህ ከመጣች ወዲህ ማንም እንዲህ ያላት የለም» አለች። «እዚህ ያሉት ጃፓኖችም የቶኪዮ ሰዎች ናቸው።»

«ሻጩ ነው ያስተማረኝ» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «መርከባችን ተበላሽቶ ኦሳካ ስንከርም በየቀኑ እሱ ጋ እሄድ ነበር። ምጣዱ አጠገብ አቁሞኝ ለአላፊ አግዳሚው ጮክ ብለህ በል ይለኛል። ሰው ይስቃል፣ ይገዛል። ትርጉሙን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።»

አሮጊቷ ተተረጎመላቸው። ወዲያው እጃቸውን አጨበጨቡ፤ የተጠቀለለው የጋዝ ቱቦ ተፈታ፣ የተዘጋው የዱቄት ጣሳ ተከፈተ። ልጃቸው ሰዓቷን እያየች «እማ፣ አዳራሹን ልናስረክብ ነው» ብትል የሰማት የለም። ዳዊት ሮጦ ወደ ዘማሪዎቹ ገባ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ አንዳንዶቹ በመስኮት ብቅ ብለው ያዩን ጀመር።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ምጣዱ ይቀባል፤ ቀጭን ሊጥ ይፈስስበታል፤ በየጉድጓዱ የኦክቶፐስ ቁራሽ ጠብ ይደረጋል። ከዚያ በረጅም መርፌ ዳር ዳሩን ቆረጥ፣ ገልበጥ፣ ዞር ሲያደርጉት ድንገት ኳስ ይሆናል። አሮጊቷ መርፌውን ለጋሽ ሽፈራው ሰጧቸው። ጋሽ ሽፈራው በኩራት ተቀበሉ፣ ወጉ፣ ገለበጡ፣ ኳሷ ተበተነች። ሁለተኛዋን ወጉ፤ ጎረቤቷ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። አሮጊቷ እጃቸውን መታ አድርገው መርፌያቸውን ቀሙ።

«አልጠበስኩም ነበር እኮ፤ እጮህ ነበር እንጂ» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

ሳህኑ ቀረበ። ጥቁር ስጎ ተቀባ፤ አረንጓዴ የባሕር ቅጠል ዱቄት ተነሰነሰ። በመጨረሻ አሮጊቷ ከአንድ ከረጢት እፍኝ ፍቅፋቂ በተኑበት፤ ከደረቀ ዓሣ የተፋቀ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ። ልክ በዚያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ኪቦርዱ ተከፈተና አንድ ፈጣን መዝሙር ጀመረ። በእንፋሎቱ የተነካው ፍቅፋቂ ተነሣ። ትከሻውን ሰበቀ። ወዲያ ተጠማዘዘ፣ ወዲህ ተጠማዘዘ፣ ይጨፍር ገባ!

«በሕይወት አለ!» ብለው አቶ ጌታቸው ወደ ኋላ ዘለሉና ከረጢታቸውን ጣሉ። አንዱ ሎሽን ተሰበረ። የሎሚው ነው።

«ብላ» አሏቸው ጋሽ ሽፈራው።

አቶ ጌታቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ኳሷን ከሁሉም ማዕዘን መረመሩ፤ ከዚያ ሙሉዋን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ማንም አላስጠነቀቃቸውም፤ እኔ ልናገር ስል ጋሽ ሽፈራው ክርኔን ነኩኝ። አቶ ጌታቸው ዓይናቸው ፈጠጠ፣ አፋቸውን ከፍተው «ሃ! ሃ! ሃ!» እያሉ በዝናቡ ዞሩ፣ እንባቸው ወረደ፣ ዋጡ። ቆይተው፣ በተቃጠለ ምላስ፣ «ሌላ አለ?» አሉ።

እኔም በላሁ። ላዩ ቀጭን ቅርፊት፣ ውስጡ እንደ ትኩስ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ጥሩ ጨጓራ የመሰለ ጥርስ ላይ የሚለጠጥ ነገር። የንስሐ አባቴ ይህን ጋዜጣ እንደማያነቡ ተስፋ አለኝ። ዳዊት ስንት እንደበላ ለመናገር ዳተንሹትስ አይፈቅድልኝም።

«ያኛውን ይመስላል?» ብዬ ጋሽ ሽፈራውን ጠየቅኳቸው።

አላምጠው አሰቡ። «ያኛው ትንሽ አሮ ነበር። አሮ ይሻላል።»

ይህ ሲተረጎም አሮጊቷ ተቆጥተው ብዙ ተናገሩ። ልጃቸው ያሳጠረችው እንዲህ ነው፦ «ያ ሻጭ ሰነፍ ነበር።»

አቶ ጌታቸው ምላጩን ከመሬት አነሡና ጠርገው ለጋሽ ሽፈራው ዘረጉላቸው። «ቃል ቃል ነው» አሉ። ሴቶቹ ምላጩን አይተው ደነገጡ።

ጋሽ ሽፈራው የአቶ ጌታቸውን ሪዝ ተመለከቱ። «ተወው» አሉ። «እሱ ከተነሣ ፊትህ ላይ ምን ይቀራል?»

አመሻሽ፣ ኒድ

እትዬ አልማዝ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሁለቱን ሪዞች ነው፤ ሁለቱም በቦታቸው። ከዚያ አሸተተችን። አሮጊቷ «ለሚስትህ» ብለው የሰጡትን እሽግ ጋሽ ሽፈራው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ተቀበለችው፣ ክዳኑን በአንድ ጣቷ ከፍታ አየችው። ቀዝቅዞ ስለነበር ፍቅፋቂው አይነቃነቅም።

«ይሄ ነው እንዴ?»

«ትኩስ ሳለ ይጨፍራል» አሉ አቶ ጌታቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ምላሳቸው ስላበጠ «ይጨፍላል» ነው ያሉት። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

እትዬ አልማዝ እሽጉን መልሳ ከደነችና በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ስምንት እግር ያለው ነገር ቤቷ እንደማይገባ ተናግራለች፤ በረንዳው ግን ቤት ነው አላለችም። እጇን ታጥባ ተመለሰች። ጋሽ ሽፈራው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማዕድ ቤቱ መሐል ቆመው፣ በእጃቸው የመርከብ ጭስ ማውጫ እየሣሉ ማውራት ጀምረዋል።

«ይሄ ደግሞ ምንም አይደል። ኮሎምቦ ወደብ ላይ አንድ ዝንጀሮ ነበረን፤ ካፒቴኑ የሚፈራው። አንድ ቀን ማለዳ ስንነሣ ዝንጀሮው የካፒቴኑን ኮፍያ አድርጎ መሪው ላይ ቆሟል…»

አቶ ጌታቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ወዲያው ዘጉት። ይህኛው ንጹሕ ውሸት ነው፤ እኔም አውቃለሁ፣ አቶ ጌታቸውም ያውቃሉ። እኅቴ ግን ድስቱን ከእሳቱ አወረደች፣ ወንበር ጎትታ ባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ አገጯን በመዳፏ ደገፈች።

«እሺ» አለች። «ከዚያስ?»